ቶሎ የሻገተ ሁሉ ንጹሕ ነው? ስለ ሻጋታ፣ ስለ ኦርጋኒክና ስለ መደበኛ ምግብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር ከተማሪዎች፣ ከወላጆችና ከጎረቤቶች ደጋግመው የመጡልኝ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ሻጋታ ምንድን ነው? ከየትስ ይመጣል?

ሻጋታ ፈንገስ ነው፤ የእንጉዳይና የእርሾ ዘመድ። የሚራባው ስፖር በሚባሉ፣ በዐይን በማይታዩ ደቃቅ ዘሮች ነው። እነዚህ ዘሮች በአየር፣ በአፈር፣ በእህል ገለባ፣ በመሶብ ስፌት መካከልና በእጃችን ላይ ሁልጊዜም አሉ። ስለዚህ ዳቦው ከምድጃ ወጥቶ ገና እየቀዘቀዘ ሳለ የሻጋታው ዘር አርፎበታል። የሚጠብቀው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ነው።

እንጀራ ላይ የምናየው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ዘር የሚበተንበት ክፍሉ ነው። ዋናው አካሉ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ክር ሆኖ ከነጥቡ አልፎ ወደ ውስጥና ወደ ጎን ተዘርግቷል። ይህን መያዝ ከታች ላሉት ብዙዎቹ መልሶች ይጠቅማል።

ኦርጋኒክ የሚባለው ምን ዓይነት ምግብ ነው? ከገጠር የመጣ ሁሉ ኦርጋኒክ ነው?

ኦርጋኒክ የሚባለው ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ያለ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ የተመረተ፣ ሲቀነባበርም የሚጨመሩበት ነገሮች የተገደቡ፣ ይህንንም ገለልተኛ አካል መርምሮ ያረጋገጠው ምርት ነው። አገራችን በ1998 ዓ.ም. የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን አውጥታለች። ማረጋገጫው ግን በአብዛኛው የሚሰጠው እንደ ቡናና ሰሊጥ ላሉ ወደ ውጭ ለሚላኩ ምርቶች ነው። ከዚህ ውጭ ያለውን ከዚህ በታች መደበኛ እያልሁ እጠራዋለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ «ማዳበሪያ ያልነካው የደንቢያ ነጭ ሽንኩርት ነው» ሲባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሻጩን የሚያውቁት ከሆነ ቃሉን መቀበል ነው። ነገር ግን ዩሪያ የሚበተነውም ገጠር ነው። ከፎገራ በመስኖ ለምቶ የሚመጣው ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም መድኃኒት እየተረጨ ነው የሚደርሰው። «የሐበሻ» እና «የፈረንጅ» የሚለው አጠራርም የዘሩን ዓይነት እንጂ የአመራረቱን መንገድ አይነግረንም።

የቤት ዳቦ በሦስትና በአራት ቀኑ ሲሻግት የታሸገው የሱቅ ዳቦ ለምን ሳምንት ይቆያል?

ብዙ ፋብሪካዎች በታሸገ ዳቦ ላይ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት የሚባል ማቆያ ይጨምራሉ፤ ማሸጊያው ላይ ኢ282 ተብሎ ይጻፋል። የሻጋታን እድገት ያዘገያል፣ እርሾውን ግን ብዙም አይጎዳውም። በአውሮፓ የኦርጋኒክ ሕግ ይህ ማቆያ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ኦርጋኒክ ዳቦ ቀድሞ ቢሻግት የሚያስገርም አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ከዳቦ መጋገሪያው ነው፤ ስንዴው ከበቀለበት ማሳ አይደለም። በሰፈራችን ዳቦ ቤት ያለ ማቆያ የተጋገረ ዳቦ ስንዴው በማዳበሪያ የበቀለ ቢሆንም እንደ ቤት ዳቦው ይሻግታል።

በየመስከረሙ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ይህን በዐይናችን እናያለን። አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ የታሸገ ዳቦ፣ ሌላ ደግሞ ከዚያው ከድፎው ተቆርጦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ቁራሽ በሦስት ፌስታል አስረን መስኮት ሥር እናስቀምጣለን። አንድ ዓመት ድፎው በአራተኛው ቀን ጠዋት የኮባው ቅጠል አሻራ ባረፈበት ጠርዝ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር አወጣ፤ ማታ መሐሉ አረንጓዴ ሆነ። የታሸገው በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያዋን ነጥብ አሳየ። የደረቀው ድፎ ግን ጥቅምት እስኪያልቅ ድረስ አንድም ነጥብ አልነበረበትም፤ ሲሰብሩት ቀጭ ይላል። ዱቄቱ ያው፣ እርሾው ያው፣ እጁ ያው፤ የተለወጠው ውሃው ብቻ ነው። ለተማሪዎቼ ከማቆያው ይልቅ ይህ ሦስተኛው ፌስታል ነው ትምህርት የሚሆናቸው።

እንግዲያው ቶሎ የሻገተው ጤናማ፣ ያልሻገተው መርዝ ያለበት ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ይህን አባባል ከሁሉ አብዝቼ እሰማዋለሁ፤ ጉዳት የሚያመጣም ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ማር ለዓመታት ሳይሻግት ይቀመጣል፤ ስኳሩ ውሃውን አስሮ ስለያዘው ነው። ድርቆሽ፣ በሶና ቋንጣ አይሻግቱም፤ ውሃ የላቸውም። ማንም እነዚህን መርዝ አይላቸውም። በሌላ በኩል ምንም ሻጋታ የማይታይበት የኦቾሎኒ ፍሬ ወይም የተፈጨ በርበሬ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል።

ምግብ የሚሻግትበት ፍጥነት የሚነግረን ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ጨውና ስኳሩ፣ ማቆያ ስለመጨመሩና እንዴት ስለተያዘ ነው። ማሳው ላይ ምን እንደተረጨ አይነግረንም። ፀረ ነፍሳት የተረጨበት ጎመንና ያልተረጨበት ጎመን አንድ ጓዳ ውስጥ ቢቀመጡ ሻጋታው ሊለያቸው አይችልም።

ፍራፍሬና አትክልት ላይስ ልዩነት የለም?

ፍራፍሬ ላይ አለ፤ በተለይ ብርቱካን ላይ። ከውጭ የሚመጣ የሚያብረቀርቅ ብርቱካን ከተለቀመ በኋላ ብዙ ጊዜ በሰም ይቀባል፤ ኢማዛሊል ወይም ቲያቤንዳዞል የሚባል ፀረ ፈንገስም ይነከራል። ይህ በቀጥታ ሻጋታን የሚከለክል መድኃኒት ስለሆነ ብርቱካኑ ለሳምንታት ይቆያል። ለኦርጋኒክ ብርቱካን አይፈቀድም። ልጣጩን ለሻይ ወይም ለማርማላታ የሚፈልግ ሰው ያልተቀባውን ቢመርጥ ትክክል ነው።

የእኛ ገበያ ብርቱካንና ቲማቲም ቶሎ የሚበላሸው ግን በአብዛኛው በቁስል ነው። አረንጓዴው የብርቱካን ሻጋታ ደህና ልጣጭ አይበሳም፤ ጆንያ ውስጥ ሲላተም በተከፈተ ጭረት ይገባል። ከወረታ እስከ ጎንደር በሳጥን ተደራርቦ የመጣ ቲማቲም የታችኛው ረድፍ ምን እንደሚመስል የገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

«ማዳበሪያ የበዛበት ሽንኩርት ቶሎ ይበሰብሳል» የሚሉ ገበሬዎች ደግሞ እውነት አላቸው። ዩሪያ ሲበዛበትና ወደ መሰብሰቢያው ጊዜ ሲጠጋ ሲጨመርለት አንገቱ ይወፍራል፣ አይደርቅም፤ መበስበሱም በዚያ ይጀምራል። አንገቱ ክር መስሎ የቀጠነና የደረቀ ሽንኩርት ይምረጡ።

እንጀራ በክረምት በሦስተኛው ቀን የሚሻግተው ጤፉ በማዳበሪያ ስለበቀለ ነው?

አይደለም። የእንጀራ ግማሽ በላዩ ውሃ ነው። ብቅ ብቅ ያሉት ዐይኖቹም እርጥበት ይይዛሉ። ኮምጣጣነቱ ባክቴሪያን ይከለክላል፤ ሻጋታ ግን ኮምጣጣ አይፈራም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን እንጀራው የሚያጣው ውሃ የለም። ጤፍ እንዲያውም ደርቆ ከገባ ነቀዝም ሻጋታም የማይደፍሩት የታደለ እህል ነው።

የሚጠቅመው አያያዙ ነው። ትኩሱን እንጀራ በትኩሱ ላይ አይደራርቡ፤ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ተለውጦ በመካከላቸው ይቀራል። በሰፌድ ላይ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይደራረብ። መሶቡን በየሳምንቱ ፀሐይ ያስመቱት፤ ባለፈው ሳምንት የሻገተ እንጀራ የነበረበት መሶብ ለሚቀጥለው ዘር አስቀምጧል። ሊተርፍ እንደሚችል ከታወቀም በሁለተኛው ቀን፣ ገና ነጥብ ሳያወጣ፣ ቆራርሶ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ነው። ከሻገተ በኋላ የተሰጣ ድርቆሽ የሻገተ ድርቆሽ ነው።

የሻገተውን ቦታ ቆርጬ ብጥልና ቀሪውን ብበላውስ?

እንደ ምግቡ ዓይነት ይለያል። ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ጠንካራ አይብ ላይ ክሩ ቶሎ አይሠራጭም፤ ከነጥቡ ዙሪያና በታች ሁለት ጣት ያህል አርቀው ቆርጠው ቀሪውን መብላት ይቻላል። ቢላው ነጥቡን አይንካ። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወጥ፣ ቲማቲም፣ እርጎና አያታችን የሠሩት ለስላሳ አይብ ግን ሙሉ በሙሉ ይጣላሉ። ለማረጋገጥ ብለው አያሽትቱት፤ ዘሩ ወደ ሳንባ ይገባል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል።

እንጀራ መጣል እጅን እንደሚያሳምም አውቃለሁ፤ የጤፍ ዋጋ በዚህ ላይ ሲታሰብ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ነው ድርቆሹ በሁለተኛው ቀን ይሁን የምለው።

ሻጋታውን በማሞቅ ወይም እንደገና በመቀቀል ማጥፋት አይቻልም?

ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ይቀራል። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች የሚሠሩት አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ እስከ 250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሊቋቋም ይችላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድስት ውስጥ ያለ ወጥ ከዚያ አያልፍም። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራም ውስጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኦቾሎኒ መቁላት መርዙን በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ አያጠፋውም።

አፍላቶክሲን ምን ያህል አደገኛ ነው? ኦርጋኒክ እህል ከእሱ ነጻ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከብራዚል በመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ ላይ ተደረሰ፤ አፍላቶክሲን የታወቀው በዚያ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 እርጥብ ተከማችቶ የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በአነስተኛ መጠን ለዓመታት ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያስከትላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ዝርዝር ውስጥ አስፍሮታል። የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ላይ አደጋው ይበረታል።

ኦርጋኒክ መሆን ከዚህ አያድንም። አፍላቶክሲን ራሱ ተፈጥሯዊ ነው፤ ማሳውን ማንም ሳይረጨው ይመጣል። የሚያጠቃውም እንደ መተማ ባለ ሙቅ ቆላ በድርቅ የተጨነቀን፣ ትል የበሳውን ወይም ሳይደርቅ የተከመረን እህል ነው። ትሉ በከፈተው ቀዳዳ ፈንገሱ ስለሚገባ፣ ተባይን በአግባቡ ያልተከላከለ ማሳ የባሰ ሊጠቃ ይችላል። ተቃራኒው ምሳሌም አለ፦ ዩሪያ የበዛበትና ያለ ማፈራረቅ በየዓመቱ ያው ሰብል የተዘራበት ማሳ ለሌላ ሻጋታ፣ ለፉዛሪየም፣ ይመቻል። በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረጉ ንጽጽሮች ወጥ አሸናፊ ያላሳዩት ለዚህ ነው።

በርበሬና ኦቾሎኒ ስገዛ ምን ልመልከት?

ዛላ በርበሬ ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ስለዚህ እንዳይሰበርና እንዲከብድ ውሃ የሚረጩበት አሉ። ጆንያው ውስጥ እጅዎን ያስገቡ፤ መሐሉ ቀዝቀዝና ለስለስ ካለ ይጠርጥሩ። ከዚያ ሁለት ሦስት ዛላ ከታች አውጥተው በርዝመቱ ይሰንጥቁ። ከላይ ደማቅ ቀይ የሆነው ዛላ ውስጡ በፍሬዎቹ ዙሪያ አመድ የነሰነሱበት ሲመስል፣ ያ አመድ ሻጋታ ነው። ሲያራግፉት ይቦናል። ይህ ተፈጭቶ ቢመጣ ማንም አያውቀውም፤ እኔ የተፈጨ በርበሬ ከማላውቀው ሰው የማልገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦቾሎኒ ላይ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የተበሳውን ለይቶ መጣል ከየትኛውም ዘዴ ይበልጣል፤ መርዙ በጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚገኝ። እናቶቻችን ሰፌድ ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚለቅሙት ለቀማ ትልቅ የጤና ሥራ ነው። አፍ ውስጥ የመረረ ፍሬም ይተፋል፤ ይሉኝታ አያስፈልገውም።

እህሌ ለጎተራ የሚበቃ ደረቅ መሆኑን ያለ መሣሪያ እንዴት ልወቅ?

በጨው። ደረቅ ንጹሕ ጠርሙስ ይውሰዱ፤ ሲሶውን በእህሉ ይሙሉት፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ደቃቅ ጨው ይጨምሩበት። ከድነው አንድ ደቂቃ ይነቅንቁትና ሩብ ሰዓት ያስቀምጡት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ ውሃ አለው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተጣበቀ ከዚያ በታች ነው። ለረዥም ጊዜ የሚቀመጥ በቆሎ ግን ወደ 13 በመቶ ቢወርድ ይሻላል፤ ስለዚህ ፈተናውን ካለፈም አንድ ቀን ተኩል ፀሐይ ይጨምሩለት። ጨው ራሱ በክረምት እርጥበት ስለሚስብ አስቀድሞ ምጣድ ላይ ይሙቅ።

መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በሰሌን ላይ ይሰጣ፤ የአፈሩ ሻጋታ እንዳይነካው። ጆንያው ከግድግዳ ራቅ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ የፒክስ ከረጢት ለነቀዝ ድንቅ ነው፤ ግን እርጥብ እህል ከታሰረበት ውስጡ ይበሰብሳል።

የነቀዝ ክኒን ሻጋታንም ይከላከላል?

አይከላከልም። ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ነፍሳትን የሚገድል ጋዝ ያወጣል። ያ ጋዝ ሰውም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ክኒን የተጨመረበት ጆንያ ማስቀመጥ ቤተሰብ የሚያሳጣ ስሕተት ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት።

የሻገተውን ለላም ወይም ለዶሮ መስጠትስ?

የሻገተ መኖ የበላች ላም መርዙን ከፊሉን ወደ ወተቷ ታሳልፋለች፤ አፍላቶክሲን ኤም1 ይባላል፤ ወተት ማፍላትም አያጠፋውም። ወተቱን የሚጠጡት በአብዛኛው ሕፃናት ናቸው። በተለይ የኑግ ፋጉሎ እርጥበት ባለበት ቦታ ከተቀመጠ ቶሎ ይጠቃል፤ ደረቅና ሽታው ያልተለወጠ መሆኑን ሳያዩ አይግዙ። ዶሮዎች ደግሞ ከላም ይልቅ በቀላሉ ይጎዳሉ። የሻገተ እንጀራ ይቀበር።

ፔኒሲሊን የተሠራው ከሻጋታ ከሆነ ሻጋታ መብላት ምን ክፋት አለው?

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያየው አንድ የተለየ የፔኒሲሊየም ዝርያ ነው። መድኃኒት እስኪሆን ድረስ ሌሎች ሳይንቲስቶች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው አጣርተውታል። የእኛ እንጀራ ላይ የበቀለው የትኛው ዝርያ እንደሆነ በዐይን መለየት አይቻልም፤ ከፔኒሲሊየም ዘመዶች መካከልም መርዝ የሚሠሩ አሉ። በዚያ ላይ ለፔኒሲሊን አለርጂ የሆኑ ሰዎች አሉ።

ታዲያ ገንዘቤን ለየትኛው ላውጣ? ለኦርጋኒኩ ወይስ ለመደበኛው?

ለኦርጋኒክ መክፈል የሚያስችል በቂ ምክንያት አለ። ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ በጀርባው ተሸክሞ ሽንኩርት ላይ የሚረጨውን ወጣት ያየ ሰው ምክንያቱን አያጣውም። አፈሩም፣ ንቡም፣ ጣና የሚገባው ውሃም አለ። እኔ በምችልበት ጊዜ ያልተረጨ ጎመን የምገዛው በዚህ ነው። ሻጋታን ፈርቶ ወይም «ቶሎ ከሻገተ ንጹሕ ነው» ብሎ መምረጥ ግን የተሳሳተ ሚዛን ነው።

ሻጋታን በሚመለከት ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት «መድኃኒት ነክቶታል ወይ?» ብለው ብቻ አይደለም፤ «መቼ ተሰበሰበ? ምን ላይ ተሰጣ? ዝናብ አግኝቶታል?» ብለውም ነው። ጥሩ ገበሬ ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም፤ ስንት ቀን እንዳሰጣው ደስ ብሎት ይነግርዎታል። በርበሬ ከሆነ ግን መልሱ ምንም ያህል ቢያምር ሁለት ዛላ ሰንጥቀው ሳያዩ አይክፈሉ።